ጾሙ ለእኔ፣ ገናው ለእሱ

ኅዳር 14፣ 2018፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን የወገብና የትከሻ ልክ ልጽፍበት ነበር። ይቅር። ዛሬ የሆነ ቦታ ካልተነፈስኩ ጎረቤት ላይ ነው የምፈነዳው።

ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀምጠው፣ ለስላሳ ጠጥተው፣ ደግመው ጠጥተው፣ በመጨረሻ ይኼን ወለዱ፦ ሲና ስድስት ዓመቷ ስለሆነ ከእኔ አትለይም። ኢያቄም ግን ዘጠኝ ሞልቶታል፣ ነገር ያውቃል፣ ስለዚህ ከገና በኋላ ጠርተው ራሱን ይጠይቁታል። ከእናትህ ጋር ነው ከአባትህ ጋር መኖር የምትፈልገው? እሱ ያለው ይጸናል። እስከዚያ ሁለቱም ጀሞ፣ እኔ ጋ ይቆያሉ። ለገና ግን ለቡ መብራት ኃይል፣ አባታቸው ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት ሄደው ይውላሉ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ነገ ጾም ይገባል። ልጆቼ ጾሙን በሙሉ እኔ ጋ ሽሮና ምስር ሲበሉ ይከርማሉ። ገና ሲደርስ እሱ ጋ። በጉ እሱ ጋ፣ ዶሮው እሱ ጋ፣ ሰፊው ግቢ እሱ ጋ። ከዚያ ኢያቄም አፉን ሳይጠርግ «ማን ይሻልሃል?» ይባላል። ይኼ ፍርድ ነው? ይኼን የፈረደው ጋሽ ኮርሳ የአማቴ የእማማ አስቴር የአጥር ጎረቤት ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ገበታው እዚያ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌ ነውና ዋጥኩት።

ያልዋጥኩት የደምሰውን ነው። ጋሽ ኮርሳ «ለመሆኑ ሚስትህ ምን በደለችህ?» ሲለው አንገቱን ደፋና «ምንም አልበደለችኝም። ቁጣዋን አልቻልኩም» አለ። እኔ ቁጡ? እኔ? ድምፄን ከፍ የማደርገው እኮ እሱ ዝም ስለሚል ነው። ግድግዳ የሚያናግር ሰው መጮኹ አይቀርም። ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ አስረዳኋቸው፣ ትንሽ ጮክ ብዬ። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሥራ አንገቴ ድረስ። መካኒሳ ያለችው ሱቄ በገና ሰሞን የሀበሻ ቀሚስ በሚያሰፋ ሰው ትጨናነቃለች፤ ሁሉም ጥልፉ ለበዓሉ እንዲደርስለት ይፈልጋል፣ ጨርቁን በጊዜ የሚያመጣ ግን የለም። አንዷ ዛሬ «ወገቡን ጠበብ አድርጊው፣ በጾሙ እከሳለሁ» አለችኝ። ድንቄም መክሳት።

ኢያቄም ጠዋት ወተቱን ወደ ሲና ገፋላት። ዘንድሮ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ገና እጾማለሁ አለ። ዓምና ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነበር የሚሞክረው፤ እሱንም እንቁላል ሲያይ ይረሳዋል። አሁን ግን አፉን ገጥሞ ቆመ። ግንባሩን ሳምኩት። እልኸኝነቱን ከእኔ ነው የወረሰው፣ ከማንም አይደለም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ደምሰው ማታ ማታ ይደውላል። ልጆቹን ያናግራል፣ እኔን «እንዴት ዋልሽ» ይላል፣ ይዘጋል። ጨዋ መሆኑን ለማሳየት ነው። ዛሬ ሲና ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማሁት። «በገና ማግስት ኬክ ቤት እወስዳችኋለሁ፣ የፈለጋችሁትን አይስክሬም ትመርጣላችሁ» አላቸው። ይኸው ጀመረ። የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ሳይደርስ መልሱን እየገዛ ነው።

ስልኩ እንደተዘጋ ሲና ቪዲዮ አወጣችልኝ። ልጆችና እናታቸው ወጥ ቤት ቆመው፣ በሁለት ብስኩት መሀል አይስክሬም አድርገው፣ ዳር ዳሩን የደቀቀ ባለ ቀለም ከረሜላ ላይ ሲያንከባልሉት ያሳያል። «የአይስክሬም ሳንድዊች ነው እማዬ። እኛም ለገና እንሥራ» አለች። ኢያቄም «ቤት ውስጥ አይሠራም፣ ማሽን ይፈልጋል» አለ። እኔ አይሆንም ስባል ነገር ይነሣብኛል። ይሠራል አልኩ። ኬክ ቤት አስገብቶ ምረጡ ማለት ማንም አባት ያደርገዋል። ዱቄት ውስጥ አብሮ መግባትን እስቲ ያድርገው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ሱቁን በጊዜ ዘግቼ መጣሁ። ኢያቄምም እንዲበላው የጾም እናድርገው ብለን ተነሣን። ለውዝ ዘፍዝፈን፣ ፈጭተን፣ ከሱቅ ባመጣሁት ንጹሕ ሻሽ አጥልለን፣ ሙዝና ስኳር ጨመርንበት። ብስኩቱን በዱቄት፣ በዘይትና በቀረፋ አቦካነው። ሲና በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጣለች። ኢያቄም ክብ አልፈልግም አለ፤ ቢላ ይዞ ኮከብ ሊቀርጽ ሞከረ። የወጣለት ኮከብ እግሩ የተሰበረ ዶሮ ይመስላል። አፍንጫው ላይ ዱቄት፣ ፀጉሩ ላይ ዱቄት፣ ሶፋው ላይ ዱቄት። ምንም አልተናገርኩም። ሶፋውን አራገፍኩ እንጂ አንድ ቃል አልወጣኝም።

በዚህ መሀል እማማ አስቴር ደወሉ። ሲና የምንሠራውን ነገረቻቸው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ እዚህ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፣ እናትሽን አትድከሚ በያት» አሉ። ደሜ ፈላ። ለእራት ነው ያለው ማን ነው? ስልኩን ተቀብዬ ይህንኑ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም እንደ ልጃቸው ዝም አሉ።

የእኔ ፍሪጅ በረዶ ቤቱ አይሠራም። ስለዚህ ትሪውን ይዘን ወደ ሙፊዳ ወረድን። ሙፊዳ ምድር ቤት ሱቅ አላት፣ ትልቅ ፍሪዘርም አላት። ከፍሪዘሩ ለስላሳ አውጥታ ቦታ ሰጠችን። «አቦ መቅዲ፣ ለልጅ ብለሽ ነው ወይስ ለእልህ?» አለችኝ እየሳቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ድንጋይ። ኢያቄም በማንኪያው እጀታ ሲመታው ጠረጴዛው ነው የጮኸው። ሲና ነክሳ «ጥርሴ» አለች፣ ለነገሩ ያ ጥርስ ሊወልቅ ቀኑን ይቆጥር ነበር። ጥርሷ እጇ ላይ ቀረ። ኢያቄም ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሲናም እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ስቄያለሁ። ይመዝገብልኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

መብራት ጠፋ። ሁለተኛው የለውዝ ሙከራ ሾርባ ሆነ። ሱቅ ስድስት ቀሚስ ይጠብቀኛል፣ የስፌት መኪናዬ ክር ይበላል፣ አንዷ ደንበኛ ቀለሙን ቀይሪልኝ ትላለች፣ ከተጠለፈ በኋላ።

ሲና ላይ ጮህኩ። ስኒ ሰብራ ነው። ስኒው ያው አሮጌ ነበር።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ሦስተኛ ሙከራ ላይ ለውዙን ተውኩት። ገና የፍስክ ነው፣ በወተትና በክሬም እንሥራውና በፍሪዘር ይቆይ አልኩ። ለሙከራ ትንሽ መታሁ። ውይ፣ እንዴት ያለ ነገር ወጣ። ሲና ማንኪያውን ላሰችው። ለኢያቄምም ጫፉን ሰጠሁት። እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ጾም ነው እማዬ።»

«ጣዕሙን ለማወቅ እኮ ነው። አትውጠው።»

«አይሆንም። ከአባዬ ጋር ቃል ተገባብተናል።»

የምን ቃል? ቀስ እያለ አወጣው። አባትና ልጅ በስልክ ተማምለዋል ለካ። ሁለቱም ይጾማሉ፤ በገና ሌሊት አብረው ያስቀድሳሉ፣ ኢያቄም ይቆርባል፣ ከቅዳሴ ሲወጡ አብረው ይፈታሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አባቱ ያጎርሰዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ይኼ ሁሉ ሲጎነጎን እኔ እዚሁ ቤት ነበርኩ።

እኔ የልጄን ጾም የእኔ ነው ብዬ ስኮራበት፣ ለካ ጾሙንም ወስዶብኛል። በየማታው ሽሮ የምሠራለት እኔ፣ ምሳ ዕቃውን የምቋጥርለት እኔ፣ ሲርበው የሚነጫነጨው እኔ ላይ። ጉርሻው የአባቱ። ማንኪያውን ወረወርኩት። ገንዳው ውስጥ ነው የወረወርኩት፣ ሰው ላይ አይደለም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ደምሰው መጣ። ፎቅ አልወጣም፣ ከታች ደወለ። ኢያቄም ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወረደው አላውቅም። በረንዳ ላይ ሆኜ ሳይ ጫማ አምጥቶለታል፤ ተንበርክኮ አስለካው። ለሲናም። ካልሲ ሳይቀር። ቀድሞ የካልሲ ቁጥራቸውን እንኳ አያውቅም ነበር። ወይም ያውቅ ነበር፣ እኔ ቀድሜ ስለምገዛ አልታየኝም።

ከስቷል። ቢጾም ነው እንጂ ሌላ ምን ያከሳዋል።

ቀና ሲል አየኝና እጁን አነሣ። ልብስ የማሰጣ መሰልኩ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ገብርኤልን ልንሳለም ሄደን ነበር። ስንመለስ ጀሞ ታክሲ መያዣው ጋ ጋሽ ኮርሳን አገኘሁ። ልጆቹን ሳመ፣ ለሲና ከረሜላ ሰጠ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «የልጁ ልብ ወደ አባቱ ነው አሉ። እንግዲህ አንቺም ሆደ ሰፊ ሁኚ» አለኝ።

ማነው ያለው? አሉ የሚባሉት እነማን ናቸው? ልጁ ሳይጠየቅ መልሱ ተሰጠ ማለት ነው። ምን መለስኩለት፣ አላስታውስም። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ማየቱን ግን አስታውሳለሁ። ኢያቄም እጁን ከእጄ አውጥቶ ጫማውን ሲያስር ቆየ፤ አዲሱ ጫማ ማሰሪያው ቶሎ ቶሎ ይፈታል መሰለኝ።

ቆርጫለሁ። ገናን እኔም አደርገዋለሁ፣ ከእሱ በፊት። ሳይሄዱ፣ እዚሁ ቤት፣ በራሳችን የአይስክሬም ሳንድዊች። ሽማግሌ ሲጠይቀው ልጄ የሚያስታውሰው በዓል ይኖረዋል። ሙሉ በዓል። የለውዝ ድንጋይ አይደለም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ኢያቄም ሰንበት ትምህርት ቤት፣ እኔና ሲና ሙፊዳ ጋ።

ወተት፣ ክሬም፣ ስኳር፣ ቫኒላ። እንቁላል መምቻውን እየተቀባበልን እስኪያብጥ መታነው። ሲና አገጯ ድረስ ነጭ ሆነች። ብስኩቱን በቅቤ ጋገርኩት፤ በዘይት የተጋገረው ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። አይስክሬሙን መሀል አድርገን፣ ዳሩን ቀይና አረንጓዴ የከረሜላ ፍርፋሪ ላይ አንከባለልነው። ከቪዲዮው ይበልጣል። እውነቴን ነው።

ሲና «ኢያቄም ግን አይበላም አይደል?» አለች።

«ይበላል። የለውዝ ነው እንለዋለን» አልኳት። «ይኼ የእኔና የአንቺ ምሥጢር ነው። ለእሱ ብለን ነው።»

ሙፊዳ ሒሳብ ትቀበል ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀች።

«መቅዲ፣ እምነቱ የእኔ አይደለም፣ አያገባኝም። ግን በረመዳን ልጄን እንዲህ ብታደርጊብኝ፣ ወላሂ ዳግም አላናግርሽም ነበር።»

«እሱ እኮ ሕፃን ነው። ሕፃን ላይ ኃጢአት የለም።»

«እሱስ የለበትም» አለች።

ትሪውን ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አመሰግናለሁም አላልኩ። ሰው ፍሪዘር ስላዋሰ ልጅ አሳዳጊ ይሆናል እንዴ? የእኔን ቤት ሁሉም ያውቅልኛል። ሽማግሌው ያውቃል፣ አማቴ ያውቃሉ፣ አሁን ደግሞ ባለሱቋ።

ምንም ክፉ ነገር አላደረግኩም። አንድ ሕፃን አይስክሬም ቢበላ ሰማይ አይደፋም።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ገናችንን አከበርን። የሁለቱንም ቀሚስና እጀ ጠባብ ራሴ ነበር የሰፋሁት፤ አለበስኳቸው። ሲና ወረቀት በመቀስ ቆራርጣ ግድግዳው ላይ ኮከብ ለጠፈች። ትሪውን ከሙፊዳ አመጣሁ። ኢያቄም ሲያየው ዓይኑ በራ። «ማሽን ሳይኖረን?» አለ። ማሽን ሳይኖረን፣ አዎ።

አንዱን አነሣና ቆም አለ።

«የጾም ነው አይደል?»

«የጾም ነው። የለውዝ።»

ገመጠው። ቀስ ብሎ አኘከ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ዝም ብሎ፣ ልክ አባቱ እንደሚያየኝ ዓይነት አስተያየት። እኔ ያን አስተያየት አልወድም። «ምነው፣ አልጣፈጠህም?» አልኩት። «ይጣፍጣል እማዬ» አለ። ጨረሰው። ሁለተኛ ሰጠሁት፣ እሱንም ጨረሰ። ሲና ጠረጴዛው ሥር ስላለው ድመት ታወራ ጀመር፤ ድመት የለንም።

ከዚያ ሄዶ ጥርሱን ቦረሸ። በጠራራ ፀሐይ። ከረሜላ ጥርስ ይጎዳል እያልኩ የጮህኩት ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ተጨማሪ ሲሉት ደግሞ በቃኝ አለ፤ ድሮ እኮ ጣፋጭ ሲያይ ልክ አያውቅም። እያደገ ነው።

ማታ ደምሰው ሲደውል ኢያቄም «ተኝቷል በይልኝ» አለኝ። ይኼ ከተለያየን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ተኝቷል አልኩ። ስልኩን ስዘጋው እግሬ ሊጨፍር ምንም አልቀረውም። እስቲ አሁን ጋሽ ኮርሳ ይምጣና የልጁ ልብ ወዴት እንደሆነ ይንገረኝ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ሄዱ። አራት ሳንድዊች በፎይል ጠቅልዬ «ለአያታችሁ» ብዬ ሰጠኋቸው፤ ልጅ ያቦካውን ይቅመሱት። ኢያቄም ፎይሉን ለሲና አሸከማት። ሲስመኝ ጉንጩ ቀዝቃዛ ነበር።

ሱቅ። ሦስት ቀሚስ ቀርቷል። ጣቴን በመርፌ ወጋሁት።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ ገና

ዶሮ አልሠራሁም። ለማን? ሙፊዳ በትንሽ ሳህን ሐልዋ ልካልኝ በር ላይ አገኘሁ፤ ራሷ አልመጣችም። እንዳኮረፈች ናት። ሐልዋውን ቆሜ በላሁት።

ጠዋት ደምሰው ደወለ። እንኳን አደረሰሽ አለ። ከዚያ ተንተባተበ። «ኢያቄም ሌሊት አልቆረብም አለ። አብረን ተሰልፈን፣ ተራው ሊደርስ ሲል ወደ ኋላ ሸሸ። ምን ሆነህ ስለው ሆዴን አሞኛል ይላል። ስንፈታም እኔ ሳጎርሰው አለቀሰ። መቅደላዊት፣ እዚያ አሞት ነበር? ምን በልቶ ነበር?»

እኔን። እኔን ይጠይቀኛል። በሌሊት ብርድ ልጅ በባዶ ሆዱ ገትሮ፣ ሲታመምበት ምን አበላሽው ይለኛል። ይህንኑ ነገርኩት። ስለ ካልሲውም፣ ስለ ኬክ ቤቱም፣ ስለ ጉርሻውም፣ አንገቱን ደፍቶ ለሽማግሌ ስለተናገረውም ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀ። «እሺ፣ ይሻለዋል» ብሎ ዘጋው።

ልጁ ሊያውቅ አይችልም። ቫኒላው ብዙ ነበር። ሲናም ቃል ሰጥታኛለች። ብርድ ነው። ሆዱን ብርድ መትቶት ነው።

ወተት እኮ ነው። መርዝ አይደለም።

ጥር 3፣ እሑድ

ተጠየቀ።

እማማ አስቴር ሳሎን ነው የተቀመጥነው። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን፣ ደምሰው በር አጠገብ። ኢያቄም እኔ የሰፋሁለትን እጀ ጠባብ ለብሶ መሀል ቆመ። ደስ አለኝ፣ የእኔን ልብስ መልበሱ። ጋሽ ኮርሳ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ አንተ ጎረምሳ፣ ሳትፈራ ተናገር። ከማን ጋር ትኖራለህ?» አለው።

«ከአባዬ ጋር» አለ።

አላመነታም። ተለማምዶት የመጣ ይመስላል።

ጋሽ ኮርሳ «ለምን እንደሆነስ ትነግረናለህ?» አለ። ኢያቄም ወደ እኔ አየ። ከዚያ ጫማውን አየ። «ግቢው ሰፊ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። «በጉ ነው ያሸነፈው፣ በጉ» አለ ጋሽ ኮርሳ ጭኑን እየመታ። እማማ አስቴርም ሳቁ። ደምሰው ብቻ አልሳቀም፤ ልጁን ያየው ነበር። እኔ ተነሣሁ። ልናገር ያሰብኩት ሁሉ አፌ ላይ ተኮልኩሎ ነበር፤ ስለ በጉ፣ ስለ ፍርዱ፣ ስለ ገበታው። ኢያቄም ግን ከመናገሬ በፊት አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ሊመታው የመጣ ሰው ያየ ይመስል። እኔ ልጄን መትቼው አላውቅም። አንድም ቀን።

ተቀመጥኩ። ስብሰባው አለቀ።

አሁን ቤት ነኝ። ዕቃውን ሊወስድ ከደምሰው ጋር መጥቶ ነበር። ደምሰው ታች መኪናው ጋ ቀረ። ሲና የወንድሟን ሸሚዞች ታጣጥፋለች፣ ታበላሻለች፣ እንደገና ታጣጥፋለች። ቦርሳውን እኔ ተሸክሜ እስከ ደረጃው ሸኘሁት። እዚያ አልቻልኩም።

«ግቢው እኮ አይደለም» አልኩት። «ንገረኝ። አያትህ ናቸው? ኬክ ቤቱ ነው?»

የደረጃውን ብረት ያዘ።

«ወተት እንደነበር አውቄያለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ? ሲና?»

«ማንም። ገና ስገምጠው አወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተፋኸውም? ለምን ሁለተኛውን በላህ? ወተት ነው አትለኝም ነበር?»

«ብልሽ ትናደጃለሽ» አለ። «አንቺ ስትናደጂ ሲና አልጋ ሥር ትገባለች። እኔ ነኝ የማወጣት፣ ቶሎ አትወጣልኝም። ስለዚህ በላሁት።»

ሲና በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዘወር ብዬ ሳያት አንድ እርምጃ ወደ ቤት ገባች።

«ለአባትህ ለምን አልነገርከውም? ለሽማግሌዎቹስ?»

«አንቺን ይጠሉሻላ» አለኝ።

ቦርሳውን ከእጄ ወሰደ። ሁለት ደረጃ ወርዶ ዞረ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። አሁን ተናደሽብኛል?»

«አልተናደድኩም» አልኩት።

ድምፄን የሰማችው ሙፊዳ ከምድር ቤት ሱቋ ወጥታ ወደ ላይ አየች።